ብሬከሩ የሚጠብቀው ማንን ነው?

በገጠር ቀበሌዎችና በትናንሽ ከተሞች፣ መብራት ከገባላቸው ብዙ ዓመት የሆናቸው የጭቃ ቤቶች አሉ። ሽቦው ያኔ ለአንድ ለሁለት አምፖል ተዘረጋ፤ ዛሬ ምጣድና ቴሌቪዥን ተሸክሟል። የሚከተለው ምልልስ የአባቱን ቤት በተረከበ ወጣትና በኤሌክትሪክ ሥራ በሸመገሉ ባለሙያ መካከል ነው።

ወጣት፦ ጋሼ፣ የአባቴን ቤት ላድሰው ነው። ፍሪጅ ልገዛ አስቤያለሁ። ሽቦው ይችለው እንደሆነ እንዲያዩልኝ ነበር የመጣሁት።

አዛውንት፦ ፍሪጁ ይደርሳል ልጄ። አስቀድመህ አንድ ነገር ንገረኝ፤ እናትህ እንጀራ ስትጋግር ምን ተጫምታ ነው?

ወጣት፦ የፕላስቲክ ጫማ። ምጣዱ አንዳንዴ ይነዝራታል፤ ጫማ ካደረገች ግን ምንም አይላት። ለምደነዋል።

አዛውንት፦ መልመድ የሌለባችሁ እሱን ነው። ምጣድ የመንዘር አመል የለውም። ከሸክላው ሥር የተዘረጋው የማሞቂያ ሽቦ ወይም ወደ እሱ የሚገባው ገመድ ተጋልጦ የብረቱን አካል ነክቷል። በእርጥብ አፈር ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ያንን ብረት ሲነካ ኮረንቲው በሰውነቱ አልፎ መሬት ይገባል። ጫማዋ ደረቅ እስከሆነ ያድናት ይሆናል። ውሃ ሲፈስበትስ? ሕፃን እየዳኸ መጥቶ የምጣዱን እግር ሲይዝስ? ምጣዱ ዛሬውኑ ይነቀል፤ ተጠግኖ ሳይፈተሽ እንዳይሰካ።

ወጣት፦ ብሬከር እኮ አስገብቻለሁ፤ አዲስ ባለ 16 አምፔር ነው። ችግር ካለ አይዘጋም?

አዛውንት፦ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦህን ነው። ጭነት ሲበዛበት ወይም ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ ፌዝና የሚመልሰው ሽቦ ኒውትራል ሲነካኩ ይዘጋል፤ ሽቦው ግሎ ቤቱን እንዳያቃጥል። የሰው ልብ ግን በ0.1 አምፔር እንኳ ሊቆም ይችላል። ለባለ 16 አምፔር ብሬከር ይህ ኢምንት ነው፤ ጨርሶ አያየውም። ብዙ ሰው ብሬከር አለኝ ብሎ ተማምኖ የሚኖረው ይህን ስለማያውቅ ነው።

ወጣት፦ እንግዲያው ዘንግ ቀብሬ ግራውንድ ላስገባ?

አዛውንት፦ ግራውንድ ግድ ነው። አንድ ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ የሚረዝም፣ መዳብ የለበሰ ዘንግ እርጥበት በማይለየው ቦታ ይቀበራል። ከእሱ የሚነሳው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ የምጣዱን ብረት፣ የፍሪጁን አካልና የሶኬቶቹን የመሬት መስመር ሁሉ ያገናኛል። ሆኖም ብቻውን አይበቃም። እስቲ አስላው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ዘንጉ የገባበት መሬት ለኮረንቲው የሚያሳየው ተቃውሞ 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ለ50 ሲካፈል ስንት ይመጣል?

ወጣት፦ 4.4 አምፔር። ባለ 16ቱ ብሬከር በዚህ አይዘጋም። ታዲያ የምጣዱ ብረት ኮረንቲ እንደያዘ ሊቆይ ነው?

አዛውንት፦ ልክ ብለሃል። ስለዚህ ከግራውንዱ ጋር አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ይገባል። እሱ ጠዋት ያሰማራውን ከብት ማታ በረት ሲገባ እንደሚቆጥር እረኛ ነው፤ በአንዱ ሽቦ የወጣው ኮረንቲ በሌላው መመለሱን ይከታተላል። 30 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 0.03 አምፔር ከጎደለ ወደ መሬት አምልጧልና ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይዘጋል። ስትገዛ 30 ሚሊአምፔር የሚል መሆኑን አረጋግጥ። የመሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ ተጫነው። ካልዘጋ ይቀየር።

ወጣት፦ እሱ ካለ ሰው አይሞትም ማለት ነው?

አዛውንት፦ እንደዚያ ብለህ እንዳትዘናጋ። ሰው በአንድ እጁ ፌዙን፣ በሌላው ኒውትራሉን ከያዘ፣ የወጣው ኮረንቲ ሁሉ ስለሚመለስ አርሲዲው አያውቅም። የተላጠ ሽቦ መቼም አይነካም።

ወጣት፦ ሽቦውስ? እናቴ ስትጋግር ብሬከሩ እየዘጋ ስላስቸገረን በባለ 32 ልቀይረው ነበር።

አዛውንት፦ እንዳታደርገው! ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። ለ220 ስታካፍለው ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። የአባትህ ቤት ሽቦ ለአምፖል የተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ያንን ጭነት ለሰዓታት ሲሸከም ይግላል፣ ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብሬከሩ የሚዘጋው ለዚህ ነው። በባለ 32 ከቀየርከው ሽቦው ጣሪያው ሥር እየነደደ እንኳ ዝም ይላል። የተቃጠለ ፊውዝን በመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ መመለስም ያው ጥፋት ነው።

ወጣት፦ ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው?

አዛውንት፦ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ፣ ሌላ ዕቃ የማይጋራው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከርና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይደረግለት። ማከፋፈያ ላይ ፈጽሞ አይሰካም። ለሶኬቶቹ ባለ 2.5፣ ለአምፖሎቹ ባለ 1.5 ይበቃል። ፍሪጅ ከምጣድ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው የሚበላው፤ ባለ 2.5ቱ በደንብ ይችለዋል።

ወጣት፦ ቤቱ ግን የጭቃ ነው። ሽቦውም በማገሩ ላይ በምስማር ተይዟል።

አዛውንት፦ ምስማሩ ይነቀል። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ አይጥ አይበላውም፣ የቆርቆሮ ጠርዝም አይልጠውም። ልባሱ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮ ከነካ ጣሪያው በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሊጠግን የወጣ ሰው በዚያ ሊሞት ይችላል። ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠመው በመገጣጠሚያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል አይበቃም። ሶኬቶቹ ከወለሉ ከፍ ይበሉ፣ ውሃ ከሚደፋበትም ይራቁ።

ወጣት፦ ይህን ራሴ ልሥራው?

አዛውንት፦ አትሥራው፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመርና ምሰሶው ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ማንም እንዳይነካው። የአንተ ድርሻ ማየት ነው። የሞቀ ወይም የጠቆረ ሶኬት፣ የላስቲክ ሽታ፣ ምጣዱ ሲሰካ የሚደበዝዝ አምፖል ካየህ አጥፍተህ ባለሙያ ጥራ።

ወጣት፦ ሰው በኮረንቲ ቢያዝስ?

አዛውንት፦ በእጅህ አትንካው፤ አንተም ትያዛለህ። ዋናውን ማጥፊያ አጥፋ። መድረስ ካልቻልክ ደረቅ ነገር ላይ ቆመህ በደረቅ እንጨት ከሽቦው አላቅቀው። ይህ ለቤት መስመር ብቻ ነው፤ ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ ካየህ ራቅ፣ ሰውም አርቅ፣ አገልግሎቱን ጥራ። ትንፋሽ ካጣ ደረቱን እየተጫንክ እርዳታ አስጠራ። ደህና ነኝ ቢልም ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ልብ ቆይቶ ሊዛባ ይችላል። የኤሌክትሪክ እሳት ከተነሳ መስመሩ ሳይጠፋ ውሃ አይደፋበትም፤ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ይጨመርበት።

ወጣት፦ ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም። ከምን ልጀምር?

አዛውንት፦ ምጣዱን መንቀል ገንዘብ አያስወጣም፤ ዛሬ ይሁን። የመጀመሪያው ብር ለግራውንድና ለአርሲዲ፣ ቀጣዩ ለምጣዱ መስመር፣ ከዚያ ለቀረው ሽቦ ይዋል። ፍሪጁ የመጨረሻው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ለጎረቤቶችህም ንገር፤ የሚነዝር ዕቃ ያለበት ቤት ሁሉ ሰው ሳይጎዳ ዕቃውን ይንቀል፣ ባለሙያም ይጥራ።