የጎማን ቁጥር እናንብብ

በአርሲ ነገሌ በገበያ ቀን ጋሪ ይበዛል። ጋሪውን ፈረስ ወይም አህያ ይጎትተዋል፤ ከሥሩ የሚሽከረከረው ግን ብዙ ጊዜ የመኪና አሮጌ ጎማ ነው። በጎማው ጎን ላይ ቁጥር ተጽፏል። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጌጥ ይመስላል።

አንድ ቀን ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ከጎሚስታ ዘንድ ቆመን ሳለ አንድ ሰው ትንሽ መኪናውን ይዞ መጣ። እህልና ሰው ያመላልስባታል። የመኪናዋ ቸርኬ 13 ኢንች ነበር። እሱ የሚያብረቀርቅ 15 ኢንች ቸርኬ ከነጎማው ገዝቷል፤ የበሬ ዋጋ አውጥቶበታል። ታሰረለት። መሪውን ሲያዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ፋቀው። ሰው ሲሳፈርማ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። «ጥፋቱ የቸርኬው ነው» አሉ የቆሙት። እኛ ቁጥሩን አነበብን።

በድሮው ጎማ ላይ 175፣ 70 እና 13 ይላል። ከ13 በፊት አር የምትባል የፈረንጅ ፊደል አለች፤ እሷ የአሠራሩን ዓይነት ትነግራለች እንጂ ልክ አይደለችም። 175 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 ማለት የጎኑ ቁመት ከወርዱ ከመቶ 70 እጅ ነው ማለት ነው። 13 የቸርኬው ልክ ነው፣ በኢንች። አንዱ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው።

እንግዲህ አብረን እናስላ። 175ን በ70 አብዝተን ለ100 ብናካፍል 122 ተኩል ይመጣል። ጎን ከላይም ከታችም ስላለ 245 ይሆናል። 13 ኢንች 330 ያህል ነው። ሲደመር 575 ሚሊ ሜትር፤ የጎማው ሙሉ ቁመት ይኸው ነው።

በአዲሱ ላይ 195፣ 70፣ 15 ይላል። በዚያው መንገድ ስናሰላው 654 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከድሮው በ8 ሳንቲ ሜትር ገደማ በለጠ! ታዲያ እንዴት አይፋቅ? ሌላም ጣጣ አለው። የፍጥነት መቁጠሪያው 60 ሲል መኪናዋ በ68 ትሮጣለች፤ ነጂው ቀስ ያለ ይመስለዋል።

ስለዚህ ቸርኬ ሲያድግ የጎማ ጎን ማጠር አለበት። 195፣ 50፣ 15 ቢሆን ኖሮ ድምሩ 576 ነበር፤ ከድሮው ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ወርዱ ግን በ2 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ አስሮ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሮ ማየት ነው። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ የሸክም ነው። 82 ከሆነ አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይችላል። ከድሮው ያነሰ አትግዙ።

የመጨረሻው ቁጥር ከቸርኬው ጋር ፍጹም አንድ ይሁን። በአሜሪካ 16 ኢንች ጎማ 16 ተኩል በሆነ ቸርኬ ላይ በግድ ሲነፋ ፈንድቶ ሰው ገድሏል። ለዓይን ግን አንድ ይመስላሉ።

ሰውዬው ጎማውን በባለ 50 ለወጠ፤ መፋቁም ቀረ። ግን ጎኑ ያጠረ ጎማ ድንጋይ ሲመታው ምቱ ቶሎ ቸርኬው ላይ ያርፋል፤ ቸርኬውም ይጣመማል። እኛን ቢጠይቀን ኖሮ ለገጠር መንገድ 13ቱ ይሻል ነበር እንለው ነበር። የድሮዎቹን ቸርኬዎች እንዳይሸጥ ግን ነገርነው።

ጋሪ ያላችሁም የግራና የቀኙን ቁጥር አስተያዩ። አንዱ 13 ሌላው 15 ሆኖ ያየነው ጋሪ ጭነቱ ወዳጠረው ወገን ተጋድሞ፣ አህያዋም አንገቷን አጣማ ትሄድ ነበር።