ቤንዚኑን የሚጠጣው ሞተሩ ብቻ አይደለም

እኔ እዚሁ ሪያድ የቤት ሹፌር ነኝ። የዛሬው ትምህርት ስለ ቤንዚን ቁጠባ ነው። ከሰኔ 2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሴትም ስለምትነዳ ለእህቶችም ይሆናል።

«የከፊሉ ቤንዚን እኔን ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም። ግን እኮ ለብዙዎቻችን የነዳጅ ብር በወር ተቆርጦ ነው የሚሰጠን፤ ቀድሞ ካለቀ «የት አደረስከው?» ይመጣል። ነገሩ የስማችን ጉዳይ ነው። ዋጋውም ድሮ አይደለም፦ 91 የሚባለው እስከ 2015 መጨረሻ በሊትር 45 ሃላላ ነበር፤ በ2018 መጀመሪያ 1.37 ሪያል ገባ፤ በሐምሌ 2021 በ2.18 ሪያል እንዲቆም ተወሰነ።

1ኛ. ቆሞ ማስነሳት፦ ኤሲ ከፍቶ የቆመ መኪና በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ያቃጥላል፤ ትልልቁ ከዚያም በላይ። በቀን 2 ሰዓት ብንል በ26 ቀን 52 ሊትር፣ ማለትም 113 ሪያል ገደማ ነው። ጥላ ካገኛችሁ አጥፉት። ልጆች ውስጥ ካሉ ግን በዚህ ሙቀት እንዳታጠፉ፤ ሕይወት ይበልጣል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መቀመጥም ይገድላል፤ መርዙ ሽታ የለውም።

2ኛ. ማሞቅ፦ ለዛሬ መኪና ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መንዳት ነው።

3ኛ. እግር፦ በኦላያ መንገድ ከመብራት መብራት መፈናጠር ቤንዚን ይጨርሳል። ቀዩን ከሩቅ ስታዩ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንሱ፤ ማርሽ ውስጥ እያለ ሞተሩ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል። ዜሮ ማርሽ አድርጎ መንሸራተት ግን አይቆጥብም፤ አደጋም አለው።

4ኛ. ጎማ፦ በወር አንዴ፣ ጠዋት ሳይሞቅ ንፋሱን አስለኩ። ልኩ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። የመኪናው መመሪያ 91 ካለ ደግሞ 95 መሙላት ትርፍ የለውም።

5ኛ. ደብተር፦ ታንኩን ሞልታችሁ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ደግማችሁ ስትሞሉ 40 ሊትር ከገባና 400 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ድንገት ከወረደ መኪናው ታሟል። እኔን አንድ ወር ጠርጥረውኝ ነበር፤ ደብተሩንና ደረሰኙን ሳሳይ መኪናው ጋራዥ ገባ፣ ካንዴላው አልቆ ተገኘ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሌላው ቢቀር ደብተሯን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ አንድ ሪያል ናት፣ ስም ግን ትጠብቃለች።

ሰላም ሁኑ።