የአገጭ ፀጉርን ለዘለቄታው ማስወገድ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። አገጬ ላይ ጠንካራ ፀጉር ይበቅላል፤ በወረንጦ ስነቅለው ቆዳዬ ይጠቁራል። በኤሌክትሪክ መርፌ የሚያስወግዱ እንዳሉ ሰማሁ፤ ያዋጣኛል?
ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መንቀል ሥሩን ስለማያጠፋ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ቆዳውም ሲቆጣ ይጠቁራል። ኤሌክትሮሊሲስ ግን በቀጭን መርፌ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ የእያንዳንዱን ፀጉር ሥር ያጠፋል፤ ሆኖም ብዙ ቀጠሮ ይጠይቃል። ባለሙያዋ ሥልጠናዋን የምታሳይ፣ የታሸገ አዲስ መርፌ እርስዎ እያዩ የምትከፍትና በመጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ የምትሞክር ትሁን። በሕክምናው ጊዜ ፀጉሩ ሲወጣ እንደ መነቀል ካመመዎት ሥሩ አልሞተም ይሆናል። ጠባሳዎ የሚያብጥ ከሆነ አስቀድመው ይንገሯት። በቀጠሮዎች መካከል በመቀስ ይከርክሙት እንጂ አይንቀሉት። የወር አበባዎ ከተዛባ ወይም ፀጉሩ በድንገት ከበዛ መንስኤው ሆርሞን ሊሆን ስለሚችል፣ በቅድሚያ የማህፀን ወይም የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።