የሕግ ትምህርት፦ የአንዲት ነጠላ ሠረዝ ዋጋ

ነጋዴ ውል ሲፈራረም ዋጋውን፣ መጠኑንና የርክክቡን ቀን አጥብቆ ይመረምራል፤ የዐረፍተ ነገሩን ነጥብና ሠረዝ ግን ለጸሐፊው ይተወዋል። በአሜሪካ በሜይን ግዛት በሚገኘው የኦክኸርስት የወተት ድርጅትና በሾፌሮቹ መካከል የተደረገው ክርክር ይህ ልማድ የሚያስከትለውን ኪሣራ ያስረዳል።

የክርክሩ መነሻ፦ በሜይን ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው ለትርፉ ሰዓት የመደበኛውን ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ያገኛል። ሆኖም ሕጉ ከዚህ ውጭ ያደረጋቸው ሥራዎች ነበሩ፤ ይኸውም ቶሎ የሚበላሹ ምግቦችንና ሌሎች ምርቶችን ማድረቅ፣ ለገበያ ማቅረብ፣ ማከማቸትና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። በእንግሊዝኛው ዝርዝር መጨረሻ ስለ ማሸግ፣ ስለ መላክና ስለ ማከፋፈል የሚናገሩ ቃላት ሲገኙ፣ «ወይም» ከሚለው ቃል በፊት ነጠላ ሠረዝ አልተደረገም። ስለዚህ ሁለት ንባብ ተፈጠረ።

1ኛ/ «ለመላክ ማሸግ፣ ወይም ማከፋፈል» ተብሎ ቢነበብ፣ ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ስለሚሆን ሾፌሮቹ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አያገኙም።

2ኛ/ «ለመላክ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ተብሎ ቢነበብ ግን ከክፍያው ውጭ የሚሆነው አሻጊው ብቻ ነው፤ ሾፌሮቹም ያከፋፍላሉ እንጂ አያሽጉም።

ውሳኔው፦ የመጀመሪያው የፌዴራል ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። በቦስተን የሚያስችለው የ1ኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን መጋቢት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2017) ፍርዱን ሻረው። ድርጅቱ የግዛቱ የሕግ ማርቀቂያ መመሪያ እንዲህ ያለውን ሠረዝ እንደማይመክር አመለከተ፤ ሾፌሮቹ ደግሞ በቃላቱ ሰዋስዋዊ ቅርጽ ተከራከሩ። ዳኞቹ ሁለቱም ወገኖች ጥርጣሬውን ፈጽመው እንዳላስወገዱት ተረዱ። ጉዳዩ የግዛት ሕግ ስለ ነበረ የግዛቱን የአተረጓጎም ደንብ ተከተሉ፤ ይህም የደመወዝ ሕግ የወጣበትን ዓላማ በሚያሟላ መንገድ ይተርጐም የሚል ነው። ስለዚህ አሻሚው ቃል ለሾፌሮቹ እንዲጠቅም ተተረጐመ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ክርክሩ በዕርቅ አለቀ። የግዛቱ ሕግ አውጪም ሥራዎቹን በድርብ ሠረዝ እየለየ ድንጋጌውን አሻሻለ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፦ ውሳኔው ነጠላ ሠረዝ ሁልጊዜ ግዴታ ነው አላለም። ያሳየው፣ ቃሉ አሻሚ ሲሆን የሚተረጐመው ጸሐፊው በልቡ እንዳሰበው ሳይሆን ሕጉ ጥርጣሬውን በሚፈታበት ደንብ መሆኑን ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች በትርጉም ምክንያት ከእርሱ እንዳይርቁ ይከለክላል። እንግዲህ የነጋዴው መከታ ግልጽ ቃል ነው። ብዙ ግዴታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከሚታጨቅ እያንዳንዱ በቁጥር ተለይቶ ይጻፍ፤ ረቂቁንም ከመፈረሙ በፊት በድርድሩ ያልነበረ ሰው ያንብበው። እርሱ ሁለት ትርጉም ካገኘበት ዳኛም ያገኝበታል።