የጣና ዓሦችና የአዳዲስ ዝርያዎች አመጣጥ



ስለ ዝግመተ ለውጥ በትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶቻችን፣ «የሳይንስ መምህራችን ዝርያዎች ተለወጡ ይሉናል፤ እናንተ እግዚአብሔር ፈጠረ ትሉናላችሁ፤ የማንን እንያዝ?» ብለው ይጠይቁናል። በቁጣ ብንመልስላቸው ዳግመኛ አይጠይቁንም፤ በዝምታ ይርቃሉ እንጂ። ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን ራሱን እንመርምር። ለዚህም የሀገራችን ጣና ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

፩. በጣና ምን ሆነ?

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ከእርሱ የሚወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ያለ ዓሣ ይህን ገደል ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሊገባ ስለማይችል፣ የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዘመዶቻቸው ተለይተው ይኖራሉ።

የሐይቁን ደለል የመረመሩ ሊቃውንት ጣና ከ16,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበርና ከ15,000 ዓመታት ገደማ ወዲህ እንደገና እንደ ሞላ ደርሰውበታል። ዛሬ በውስጡ ላቤዮባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም በዓለም ሌላ ስፍራ አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ1973 መልኩ የሚለያይ አንድ ዝርያ ብቻ ናቸው ተብለው ነበር፤ በ1990ዎቹ ግን የሆላንድ ተመራማሪዎች የአፋቸውን ቅርጽ፣ ምግባቸውንና መኖሪያቸውን መርምረው ለያዩአቸው።

፪. አዲስ ዝርያ እንዴት ይገኛል?

ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ልዩነት ነው፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች ሁሉ አይመሳሰሉም፤ ልዩነታቸውም ለዘራቸው ይተላለፋል። ሁለተኛው የተፈጥሮ ምርጫ ነው፤ ለአካባቢው ምግብና ኑሮ የሚስማማ አካል ያለው ብዙ ዘር ይተካል። ሦስተኛው መለያየት ነው፤ አንድ ክፍል በራሱ ስፍራና ጊዜ ብቻ ከተራባ ልዩነቱ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ አይጠፋም።

በጣና ሦስቱም ይታያሉ። እነዚህ ዓሦች መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ በዚህ ምክንያት በቤተሰባቸው ዓሣ በል መሆን ብርቅ ነው። በሐይቁ ግን ሌሎች ዓሣ በሎች ጥቂት ስለሆኑ ይህ ምግብ ብዙ ተሻሚ አልነበረውም። ስለዚህ ከ15ቱ ስምንት ያህሉ ዓሣ አዳኞች ሆነዋል፤ ሌሎቹ ተክል፣ ነፍሳትና የመሳሰሉትን ይመገባሉ። ከፊሎቹም በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው፣ በየራሳቸው ስፍራና ሳምንት እንቁላል ይጥላሉ።

ልብ በሉ፤ አንዲት ዓሣ በሕይወት ሳለች ወደ ሌላ ዝርያ አትለወጥም። የሚለወጠው ትውልድ በትውልድ ሲተካ መላው ወገን ነው።

፫. ከእምነታችን ጋር ይጋጫልን?

ቻርልስ ዳርዊን ስለ ተፈጥሮ ምርጫ የጻፈውን መጽሐፍ በ1859 አሳተመ። ጠባያት በዘር የሚተላለፉበትን ሕግ በ1866 በጽሑፍ ያወጣው ደግሞ የአውጎስጢኖሳውያን መነኩሴና ካህን ግሬጎር ሜንዴል ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1950 ስለ ሰው አካል አመጣጥ መመራመርን አልከለከሉም፤ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር እንደምትፈጠር አጽንተው አስተማሩ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በጥቅምት 1996 ለጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት፣ ይህ ትምህርት ከመላ ምት ያለፈ መሆኑን ገለጹ።

ኦሪት ዘፍጥረት ፈጣሪ ማን እንደሆነና ፍጥረት መልካም መሆኑን ያስተምረናል፤ የዓሣን ዝርያዎች ሊቆጥርልን አልተጻፈም። ሳይንስ መንገዱን ይመረምራል። መንገዱን ማወቅ መንገዱን የሰጠውን መካድ አይደለም።

፬. ኀላፊነታችን

ከ1986 ወዲህ በጣና የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ ተስፋፋ። ለመራባት በወንዞች አፍ የሚሰበሰቡት ዓሦች በቀላሉ ስለሚያዙ፣ በ1990ዎቹ ቁጥራቸው እጅግ ቀነሰ። በሺህ ዓመታት የተገኘ ዝርያ በአንድ ሰው ዕድሜ ሊጠፋ ይችላል። እናት ዓሣ እንቁላሏን ሳትጥል ብትጠመድ፣ የዛሬው አጥማጅ የልጁን እንጀራ መቁረጡ ነው። ፍጥረትን የሰጠን አደራ ሰጥቶናልና አደራውን እንጠብቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለጣና ዓሦች መለየት ምን አስተዋጽኦ አደረገ?
2. «የማንን እንያዝ?» ለሚል ወጣት ምን ብለን እንመልሳለን?
3. በአካባቢያችን ሊጠፋ የተቃረበ ፍጥረት የትኛው ነው? ምንስ እናድርግለት?