ባትሪ ከመለወጥ አስቀድሞ ዲናሞን ስለ መመርመር

ለነጋዴ አውቶሞቢል ከሥራ መሣሪያዎቹ አንዱ ነው። ዕቃ ከጉምሩክ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘንም ወደ ሱቅ የሚደርሰው በእርሱ ነውና፣ ማለዳ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ የሚጎዳው ሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ ጭነቱ ይዘገያል፣ ደንበኛው ይቀየማል፣ የተያዘውም ቀጠሮ ይፈርሳል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ባለንብረት የሚፈርደው በባትሪው ላይ ነው። «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ አዲስ ይገዛል፤ መኪናው ለጥቂት ቀናት በደኅና ይሠራና እንደ ገና ይቆማል። እንዲህ የሚሆነው ጉድለቱ በባትሪው ሳይሆን ባትሪውን በሚሞላው ክፍል ላይ ሲገኝ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የድካሙን ሥር ማወቅ ይገባል።

ይህ ትምህርት ዛሬ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በእጅ ያለውን የቀድሞ መኪና በጥንቃቄ መያዝ ለባለንብረቱ ትርፍ፣ ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴም የሥራ መስክ ነው።

የነገሩ አሠራር ለነጋዴ በቀላሉ የሚገባ ነው። ባትሪ እንደ ገንዘብ ሣጥን፣ ዲናሞ እንደ ዕለት ገቢ ይቆጠራል። ሞተሪኖው ሞተሩን በሚያስነሣበት ጊዜ ከሣጥኑ ብዙ ወጪ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን ዲናሞው የወጣውን መተካት፣ ከዚያም ላይ የመብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የሬዲዮኑን ወጪ መሸፈን አለበት። ገቢው ከወጪው ያነሰ እንደ ሆነ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል፤ አዲስ ሣጥን መግዛትም ገቢን አይጨምርም።

በጋራዥ ቋንቋ ሁሉም ዲናሞ ይባል እንጂ ዓይነቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በጥንታውያን መኪኖች ላይ የሚገኘው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዲናሞ ነው። ሁለተኛው አልተርኔተር ሲሆን፣ የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ለ1960 ባወጣው ቫሊያንት በተባለው መኪና ላይ ካዋለው ወዲህ በመላው ዓለም እየተስፋፋ የፊተኛውን ተክቷል። በአዲስ አበባ መንገድ ብዙ ዘመን ያገለገሉት የቀድሞዎቹ ትንንሽ ቮልስዋገኖች ግን የሚሠሩት በፊተኛው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በመንገድ መጨናነቅ መብራት አብርቶ ብዙ የሚቆም መኪና ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ባትሪው ሊደክም ይችላል።

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል ሊደረግ ይገባዋል።

አንደኛ፤ በዳሽቦርድ ላይ ያለችውን ቀይ የባትሪ መብራት መመልከት ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቷ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣም መጥፋት አለባት። አስቀድሞ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይም ሽቦዋ ተበጥሷል፣ ወይም የዲናሞው ካርቦን አልቋል። በብዙ የቀድሞ መኪኖች ዲናሞው መሥራት የሚጀምረው በዚህች አምፖል በሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለ ሆነ፣ የአምፖሏ መቃጠል ብቻውን ባትሪው እንዳይሞላ ሊያደርግ ይችላል። ሞተሩ እየሠራ መብራቷ ካልጠፋች ዲናሞው ኃይል አይሰጥም ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ቺንጋ የሚባለውን የላስቲክ ቀበቶ መመርመር ነው። የተሰነጠቀ፣ ዘይት የነካው ወይም የላላ ቺንጋ ይንሸራተታል፤ ሞተር ሲነሣ የሚሰማው የፉጨት ድምፅም የዚህ ምልክት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቢረግብ በብዙ መኪኖች ደኅና ነው። በቀድሞው ቮልስዋገን ይኸው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ጭምር ስለሚያዞር፣ በጉዞ ላይ ቀይዋ መብራት ከበራች ወዲያው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በርካሽ ቺንጋ ምክንያት ሞተሩ ይቃጠላል።

ሦስተኛ፤ የባትሪውን ራሶች ማየት ነው። በላያቸው የሚጋግረው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ ይከለክላል። አስቀድሞ የኔጌቲቩን፣ ቀጥሎም የፖዘቲቩን ማሰሪያ ፈትቶ በሞቀ ውሃና በሶዳ ማጠብ፣ አድርቆም አጥብቆ ማሰር ነው። ባትሪውን ከመኪናው አካልና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የማሳ ሽቦም አይዘንጋ።

አራተኛ፤ በቴስተር መለካት ነው። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ደኅናና ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ወጥቷል። ሞተሩ ተነሥቶ ፍጥነቱ መጠነኛ ሲደረግ ልኩ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊደርስ ይገባል። ትላልቆቹ መብራቶች ሲበሩ ልኩ ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው ደክሟል። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ የባትሪው ውሃ ይደርቃል፣ አምፖሎችም ይቃጠላሉ። በ24 ቮልት ለሚሠሩ የጭነት መኪኖች እነዚህ ቁጥሮች በእጥፍ ይቆጠራሉ።

አምስተኛ፤ ልኩ በዲናሞው ላይ ደኅና ሆኖ በባትሪው ላይ የሚያንስ ከሆነ ጥፋቱ በመካከላቸው ባለው ሽቦ ነው። መብራት በርቶ የሁለቱ ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካለፈ የተበላ ሽቦ ወይም የላላ ቡሎን አለ። እንዲህ ያለው ጥፋት የሚጠይቀው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ ዲናሞ ያለ ጥፋቱ ያስለውጣል።

ስድስተኛ፤ ዲናሞውን መፍታት የሚገባው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ካርቦኑ ነው፤ ቀጥሎም ሬጉሌተሩና ኩሽኔታው ይበላሻሉ። እነዚህ ለብቻቸው ሊለወጡ የሚችሉ ስለ ሆኑ ሙሉ ዲናሞ መግዛት የሚገባው የውስጡ ጥቅል ሽቦ ሲቃጠል ነው።

ሰባተኛ፤ ዲናሞው ደኅና ሆኖ ባትሪው በማደር ብቻ የሚደክም ከሆነ የተሰወረ ወጪ አለ ማለት ነው። የ5 ዋት አምፖል በዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይጠፋ ቢቀር በሰዓት 0.4 አምፔር ያህል ይወስዳል። ባለ 50 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ60 ሰዓት ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ቅዳሜ ማታ የቆመ መኪና ማክሰኞ ማለዳ የማይነሣው ስለዚህ ነው። ቁልፉ ተዘግቶ ባልቦላዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ በቴስተር መመልከት ወጪው በየትኛው መስመር እንደሚወጣ ያሳያል።

በዚህ ሥራ መካከል ከአንድ ክፉ ልማድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይኸውም ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅሎ «ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው» ማለት ነው። በአልተርኔተር ላይ እንዲህ ሲደረግ የኤሌክትሪኩ ኃይል በድንገት ከፍ ስለሚል ዲዮድ የተባሉትን ክፍሎች ሊያቃጥል ይችላል። ከሌላ መኪና ኃይል ሲወሰድም ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ ማሳሳት ይህንኑ ጉዳት ያስከትላል።

ባትሪና መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም አለ። ለገዢው ባትሪውን ከማስረከብ በፊት የመኪናውን ቮልት ለክቶ ማሳየት የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው። ዲናሞው ደካማ መሆኑ ከታወቀ ለዕለቱ የባትሪው ሽያጭ ሊቀር ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ጥፋቱ ተበላሽቷል ተብሎ የሚመለስ ባትሪና ስለ ዋስትናው የሚነሣ ክርክር አብሮ ይቀራል፣ ደንበኛውም ያምናል። ቺንጋ፣ ካርቦንና ሬጉሌተር በሱቅ ውስጥ መገኘታቸው ደግሞ ሻጩን በባትሪው ያጣውን በሌላ መንገድ ይተካለታል።

ባለንብረቱ በበኩሉ ለመኪናው አንድ ትንሽ ደብተር ቢያወጣለት መልካም ነው። ባትሪው የተገዛበት ቀን፣ ቺንጋው የተለወጠበት ቀን፣ እንዲሁም ሞተሩ ቆሞና ሞተሩ እየሠራ የተለካው ቮልት በየወሩ ይጻፍበት። ቁጥሩ ከወር ወደ ወር እየወረደ ሲሄድ ዲናሞው መድከሙ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ጥገናውም ዕቃ ተጭኖ በመንገድ ላይ ሳይሆን መኪናው በደጅ በቆመበት ቀን ይደረጋል።