የወለጋ እርጎና የባክቴሪያዎቹ የስኳር ካባ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ በእንግድነት የገባ ሰው ጩምቦ ሲቀርብለት ጤፉንና ቅቤውን ያደንቃል እንጂ ስለ እርጎው ብዙ አይጠይቅም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እርጎውን፣ ይልቁንም በውስጡ የሚኖሩትን በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ነው።

ወተት በታጠነ ዕቃ ተቀምጦ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያህል ሲቆይ በራሱ ይረጋል። ይኸውም ከወተቱ ጋራ የመጡትና ካለፈው እርጎ በዕቃው ግድግዳ ላይ የቀሩት ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለውጡት ነው። በአገራችን እርጎ ላይ ካጠኑት ሊቃውንት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ የታወቁ ናቸው። በእርጎ ውስጥ ላክቶባሲለስ፣ ላክቶኮከስና ሉኮኖስቶክ የተባሉት ወገኖች ተገኝተዋል።

ታዲያ እነዚህ የጠጪውን አንጀት ይጠቅማሉን? ለዚህ መልስ ለመስጠት የባክቴሪያውን ልብስ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ባክቴሪያ ራቁቱን አይኖርምና። ብዙዎቹ ከሴላቸው ግድግዳ ውጭ እንደ ጋላክቶስና ራምኖስ ካሉ ስኳሮች የተሰካካ ረዥም ሰንሰለት ይለብሳሉ። የአሠራሩ ትእዛዝ በዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን በተደረደሩ ጂኖች ተጽፏል። አንደኛው ኢንዛይም የመጀመሪያውን ስኳር ስብ በሆነ ተሸካሚ ላይ ያስቀምጣል፤ ተከታዮቹ እየተቀባበሉ ይጨምራሉ፤ ሌሎች ደግሞ የተሠራውን ወደ ውጭ አውጥተው ይቀጥሉታል። የመጀመሪያው ከተሰበረ ሰንሰለቱ አይጀመርም።

በጣም የተጠናው ጎርባክና ጎልዲን የተባሉት ሊቃውንት በ1983 (እ.ኤ.አ.) ከጤነኛ ሰው ያወጡት ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ ነው። ሁለቱ «ጂ»ዎች የስማቸው መነሻ ፊደላት ናቸው። ወደ 3 ሚሊዮን የሚደርሱት የዲኤንኤ ፊደላቱ በ2009 ተነበው ሲታተሙ፣ በአንጀት ልጋግ ላይ የሚጣበቅባቸው ጸጉር መሰል ዘንጎች ጂኖችም ተገኙ። በዚያው ዘመን የቤልጅግ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን የስኳር ጂን ቢያበላሹበት ካባው ወለቀ፤ ዘንጎቹም ስለ ተገለጡ ባክቴሪያው ከቀድሞው ይበልጥ ተጣበቀ። ይህን ያየ ሰው ካባው ትርፍ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በአይጥ አንጀት ሲሞከር ካባ የሌለው ቶሎ ጠፋ፤ ካባው አካል ባክቴሪያን ከሚገድልባቸው ፕሮቲኖች ይጋርደው ነበርና።

ስለዚህ በጠርሙስ ውስጥ መጣበቁን ብቻ አይቶ «ይህ ባክቴሪያ ጠቃሚ ነው» ማለት ችኮላ ይመስለናል። የዓለም የጤናና የምግብ ድርጅቶች በ2001 ባወጡት ፍቺ መሠረት ፕሮባዮቲክ የሚባለው ሕያው ሆኖ፣ በበቂ መጠን ተወስዶ፣ ለጤና የሚጠቅም ነው። የወለጋ እርጎ ይህን ስም የሚያገኘው ከቅሉ የወጣው ዘር ተለይቶ፣ ጂኑ ተነቦ፣ በሰው ላይ ሲፈተን ነው። መምጠጡም ብቻውን ባልፈላ ወተት ያለውን በሽታ አምጪ ሁሉ አይገድልም፤ የብሩሴላ ነገር አይዘነጋም።

አንድ ነገር ያሳስበናል። በአንዳንድ ላክቶኮከሶች የስኳሩ ጂኖች የሚገኙት በዋናው ክሮሞሶም ላይ ሳይሆን ፕላስሚድ በተባለ ትንሽ ቀለበት ላይ ነው፤ ይህም ባክቴሪያው ሲባዛ ሊጠፋ ይችላል። እርጎው ይረጋል፣ ይመጥጣል፤ ካባው ግን የለም። ዘሩን በጊዜው ለይቶ በብርድ ያላስቀመጠ ተመራማሪ ከዓመታት በኋላ ወደዚያው ቤት ቢመለስ የሚያገኘው ያንኑ ቅልና ሌላ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል።